ትበርህ የጠቀለለችው ዲናሞ

ትበርህ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ የተቃጠለ የመኪና ዲናሞ ሽቦውን አውጥታ በአዲስ ትጠቀልል ነበር። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ገብረዋሕድ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠርተዋል።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተነሣ በወሩ፣ ሰኔ 1990 ዓ.ም.፣ አንድ ረፋድ ላይ ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ይፈለጋል» ብለው ገብረዋሕድን ወሰዱት። በሳምንቱ ከሌሎች ጋር በአውቶቡስ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኤርትራ መባረሩን ሰማች። እሷም እንደ እሱ የተወለደችው አስመራ ነው። ለምን እንደተዉአት አላወቀችም፤ እንዳትጠይቅ ደግሞ መጠየቁ ራሱ እነሱን ስለ እሷ ማስታወስ መሰላት። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አትወጣም። ሾላ ገበያ የምትሄድላት ጎረቤቷ የሻሽወርቅ ናት። መኪና በሯ ላይ ሲቆም እጇ ሽቦው ላይ ይደርቃል።

በየካቲት ሁለት ተማሪዎች በሩን አንኳኩ። ሰልዋና ሐሩን ይባላሉ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ካለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው የመጡት። ሦስት ትምህርት ቤቶች በትንሽ ወጪ፣ በባትሪ የሚሄድ መኪና ሠርተው ሊሽቀዳደሙ ነው። የእነሱ መኪና ከውሃ ቧንቧ ተበይዶ የብስክሌት ጎማ ተገጥሞለታል። ሐሩን የተቃጠለ የስታርተር ሞተር ከጆንያ አወጣ።

«እትዬ፣ ይኼን ይጠቀልሉልናል?»

ትበርህ አሸተተችው። «ብጠቀልለውም ተመልሶ ይቃጠላል። ስታርተር የተሠራው የመኪናውን ሞተር አስነሥቶ ለማረፍ ነው። የአሮጌ ጭነት መኪና ዲናሞ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። እሱ ቀኑን ሙሉ መዞር ለምዷል።»

«ዲናሞ እኮ ባትሪ የሚሞላ ነው» አለች ሰልዋ።

«ባትሪ ስትሰጪው ደግሞ ሞተር ይሆናል። አምጪውና ታዪዋለሽ።»

አመጡት። ሁለት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አብረዋት ሠሩ። በወፍራም ሽቦ ጠቀለለችው፤ ባትሪዎቹንም ከመቀመጫው ሥር ዝቅ እንዲያደርጓቸው መከረቻቸው። ሐሩን የረዷቸውን ሰዎች ዝርዝር ሲጽፍ ግን ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች።

«የኔን ስም የትም እንዳትጽፍ።»

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሰልዋ እያለከለከች መጣች። «እትዬ፣ ባዶውን ደህና ይዞራል። ሰው ሲቀመጥበት የሚዞረውን በሚነካው ካርቦን ላይ እሳት ይረጫል፣ ጉልበትም የለው።»

«ካርቦኖቹን የያዘውን ቀለበት በትንሹ አዙሩት።»

«አዞርነው፤ ባሰበት።»

ትበርህ ገባት። በጆሮ እየሰሙ፣ ሰው እንደተቀመጠበት የሚስተካከል ነገር ነው፤ በአፍ አይነገርም። መኪናውን ወደዚህ እንዳያመጡት ጊዜ የለም። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ታክሲያቸውን መገናኛ ላይ ፖሊሶች አስቆሙት። «መታወቂያ!» አንደኛው የትበርህን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ወዴት ነው?»

ሰልዋ ከትበርህ ቀድማ፣ «ትምህርት ቤት። አስተማሪያችን ናቸው» አለች።

ፖሊሱ መታወቂያውን መለሰላት። ሲወርዱ ሰልዋ ደግፋ አወረደቻት።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰልዋ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ሐሩን መኪናውን ከኋላ ጨምድዶ ይዞ እሷ መርገጫውን ስትረግጥ፣ ትበርህ ተንበርክካ ቀለበቱን የጣት ጫፍ ያህል አዞረችው። እሳቱ ጠፋ። መኪናው ከሐሩን እጅ አምልጦ ሄደ።

በውድድሩ ሁለተኛ ወጡ። ልጆቹ ሲጨፍሩ ትበርህ አንድ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተመለሰ።

ዳይሬክተሩ አቶ ኃይለሚካኤል ዲናሞውን ገልብጠው አዩና፣ «እንዲህ ያለ እጅ ነው ያጣነው። እኛ ጋ ያስተምሩልን» ብለው የቅጥር ቅጽ ሰጧት። ሦስተኛው መስመር ላይ «የትውልድ ቦታ» ይላል።

«ሞልቼ እልካለሁ» አለች።

ሰልዋ ቅጹን ልትወስድ ሁለት ጊዜ መጣች፤ ቅጹ አልተሞላም። በሦስተኛው ስለ ቅጹ አላነሣችም፤ የትምህርት ቤቱን የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ተሸክማ ነበር። ትበርህ ሞተሩን ተቀበለቻትና ሰልዋ ስትወጣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።