ኮምፒውተሩን በቡና አልጋ ላይ ያደረቅሁበት ጊዜ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ሞባይል ከተማችን ሚዛን ከገባ በኋላ ነው። ይህን የማውቀው፣ ስልኩ ቤቴ ውስጥ ስለማይሠራ ለመደወል ከበላያችን ያለውን ዳገት መውጣት ስለነበረብኝ ነው። ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሳል። ዓመቱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ አልከራከርም።

ነገሩ የካሴት ነገር ነው። የአጥቢያችን መዘምራን ወጣት ሳሉ በቤንችኛ የዘመሩት ካሴት ነበረ። ከቅጂዎቹ አንዱን ሰው ተውሶ ሳይመልስ ቀረ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ ተረስቶ ተጣመመ፣ ብቻ በመጨረሻ እኔ ቤት ያለው ብቻውን ቀረ። ክሩ ሳስቷል። ባጫወትነው ቁጥር ድምፁ ይደበዝዛል፤ ሁለቴ ቴፑ በልቶት በእስክሪብቶ አጠንጥኜ መልሼዋለሁ። ባለቤቴ ከዘማሪዎቹ አንዷ ናት። «ሳልሞት ድምፄ ሊሞት ነው» ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ግን ደጋግማ ትለዋለች።

ስለዚህ ሳይበጠስ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ ተባለ። አጥቢያው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ካሴቱ እኔ ዘንድ ስለሆነ እሱም እኔ ቤት መጣ። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ኮምፒውተሩ ዲዳ ነበር፤ ከኋላው ያለው የድምፅ ቀዳዳ ተሰብሯል። አዲስ አበባ ያለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ «ድምፅ የሚያወጣ ሳውንድ ካርድ ግዙ» ብሎ በአውቶብስ ላከልን። ባለ ወርቃማ ጥርስ፣ ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ጥርሶቿ ከማስገቢያው ረዘሙና አልገባ አለች። ሞረድ ሳነሳ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ዳገቱን ወጥቼ ደወልኩ።

«አባባ፣ የማሽንዎ ዓይነት ምንድን ነው?»

«ነጭ ነበር፤ አሁን ቢጫ ሆኗል።»

«መልሰው ይላኩት» አለኝ። ሁለተኛዋ ካርድ መጣች። ልክክ ብላ ገባች፤ ድምፅ ግን የለም። ለሙከራ ያንን ካሴት አላስነካሁም፤ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ባገናኘሁት ቴፕ አንድ የቆየ የስብከት ካሴት ነበር የማስገባው። ሰባኪው አፉን ዘግቶ ይዞራል።

እንደገና ዳገት። «አጥፍተው ያብሩት» አለኝ። ወረድኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ወጣሁ። «ገመዱን ነቅለው ይሰኩት» አለኝ። ወረድኩ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ወጣሁ። ባለቤቴ ከበር ሆና «ይህን ነጋዴ የት ሄደህ አገኘኸው! ፍየል አደረገህ እኮ» ትለኛለች። ለአራተኛ ጊዜ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። የእንሰት ቅጠል ራሴ ላይ ይዤ ስደውል ሰውዬው የዝናቡን ድምፅ ሰማ።

«የት ነው ያሉት አባባ?»

«ሚዛን።»

«እሱማ እርጥበት ነው። ያድርቁት» አለና ዘጋ።

ማድረቅ ለእኔ ይነገራል? ዕድሜ ልኬን ቡና ሳደርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደስ እያለኝ ወረድኩ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ፈታሁት፤ የሚፈታውን ሁሉ ፈታሁ። ቡናው ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ላይ ዘርዘር አድርጌ አሰጣሁት። በየሰዓቱ አገላበጥኩ። ቀትር ላይ ፀሐዩ እንዳያቃጥለው ሰሌን አለበስኩት፣ ሲያስገመግም ሰብስቤ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። መንገደኛው አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

«ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው? ስንት ፈረሱላ ይወጣዋል?»

«ገና ነው፤ አልደረቀም።»

ባለቤቴ ደግሞ «እንደ ቡናው ነከስ አድርገህ እየው እንጂ» ትላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ሳታየኝ የአንዷን ሰሌዳ ጫፍ ነክሻለሁ። ደርቃለች።

ገጣጠምኩት። አምስት ብሎን ተረፈኝ። በራ! እኔም ገረመኝ። ድምፅ ግን አሁንም የለም። ዳገት ወጣሁ።

«አድርቄዋለሁ ልጄ። ሦስት ቀን፣ አልጋ ላይ።»

«አልጋ ላይ?»

«የቡና አልጋ።»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ከአንድ ሰው በላይ ነበሩ። ከዚያ «አባባ፣ ይዘውት አዲስ አበባ ይምጡ» አለኝ። የሁለት ቀን መንገድ፣ ያንን ሣጥን ታቅፌ። ያን ዕለት ትንሽ ከፋኝ፤ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልዬ የልብስ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ባለቤቴ አማን ገበያ ወርዳ ይህንን ሁሉ ለአንዲት ሴት ትነግራታለች። ሴትዮዋን ሳቅ ገደላት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ «የተሰጣውን ኮምፒውተር አሳዩኝ» ብላ ቤታችን መጣች። ውኃ ጠጣች፣ ወንበር ሳበች፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ በፊት ድምፁ በየት በኩል ነበር የሚወጣው?»

ይህን እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው የለም። የተሰበረውን ቀዳዳ አሳየኋት።

«እኮ! አሁንም ወደዚያው እየላከ ነው። አዲስ በር እንደተከፈተለት ማን ነገረው?»

ነካ ነካ ስታደርገው የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሁለት ስም ወጣ፤ የአሮጌው ድምፅና የአዲሱ ካርድ። አሮጌውን ትታ አዲሱን መረጠች። ሰባኪው ከዓረፍተ ነገር መሃል ጀምሮ ጮኸ፤ ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሣች። ያ ሁሉ ዳገት ለዚህ ነበር።

ካሴቱን ከጨርቁ ፈታሁት። አንድ ጊዜ ብቻ እናጫውተዋለን ተባባልን። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፣ ሁለተኛውን ገለበጥን። አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ካሴቱን ባወጣው ክሩ ተበጥሷል። ሦስታችንም ተያየን። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ጫን አደረገች፤ መዘምራኑ ጀመሩ፣ ከመጀመሪያው፣ አንድም ሳይጎድል።

«ይቺ ቀጭኗ ድምፅ የማን ናት?» አለች ባለቤቴ።

«ያንቺ ናት።»

«ውሸታም። እኔ እንዲህ አልጮህም» አለችና እየሳቀች አብራ መዘመር ጀመረች። እኔም አገዝኳት፤ ዜማው ባይሆንልኝም።

ማን ረዳህ የሚለኝ ካለ፣ አማን ገበያ ዳር ተቀምጣ ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር የምትተይበው ያቺ የሼኮ ብሔረሰብ ሴት ናት።