ፉጨት የጎደላት ሳጥን

ጥርስ ሠሪዋን ሁላችንም «ሞተሬ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ከመዳህ ዕድሜዋ ጀምሮ እጇ አያርፍም ነበር አሉ። ላብራቶሪያችን ሁለት ጠባብ ክፍል ናት። ሞተሬ እዚያ ሰም ቀርጻ፣ ጀሶ አፍስሳ፣ ሞርዳና ወልውላ ስንቱን ሰው ከነፈገግታው ወደ ቤቱ መልሳለች።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቆመው ካውያ ሲገፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የታጠፈ አንሶላ ላይ ጉብ ይላሉ፤ እሳቸውም ከእንፋሎቱ መሀል ሆነው ወሬ ይፈጥራሉ። ፊት ለፊት የሚያስተያይ ስልክ፣ «ወደ ግራ ታጠፍ» እያለ መንገድ የሚመራ መኪና፣ ስትጠራው የሚበራ አምፖል። ከሁሉ የሚወደደው ግን የሳጥኗ ታሪክ ነው። የፈለጋችሁትን ትነግሯታላችሁ፤ ከሆዷ ካለው ፈሳሽ ጎትታ ታወጣላችኋለች፤ ስትጨርስም ታፏጫለች። የሚያፏጩት እሳቸው ናቸው፣ በፊት ጥርሳቸው ፍንጭት። ልጆቹ ያቺን ፉጨት ሳይሰሙ ንቅንቅ አይሉም። ደንበኞች ደግሞ «እንፋሎቱ ጭንቅላታቸው ገብቷል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ያወሩትን ሁሉ ዓለም ተራ በተራ ታመጣው ጀመር። የሚያስተያየው ስልክ ሲመጣ አባትዬው «ሰረቁኝ!» አሉ። የሚናገረው መኪና ሲመጣም «ይኸንንም ሰረቁኝ!» አሉ። እኛ ላብራቶሪ ጥርስ የሚያትም ማሽን የገባ ዕለት ሞተሬ እየዘለለች ደወለችላቸው።

«አባዬ! ሳጥኗ መጣች! ከፈሳሽ ነው የምታወጣው!»

«ታፏጫለች?»

«ኧረ፣ ጲጵ ነው የምትለው።»

«እንግዲያው አላለቀችም» ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

እንዲህ የሚኮሩት ሰውዬ ታዲያ ጥርሳቸው አንድ በአንድ ተሰናብቶ ካለቀ ቆይቷል። ሞተሬ ልሥራልህ ስትላቸው «ያን ሊጥ የመሰለ የልክ መውሰጃ አፌ ውስጥ ልትጠቀጥቂ? ግድግዳ ነኝ እንዴ የምትለስኚኝ?» ይላሉ። በዚህ መሀል ትንሿ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ንግግርም ምርቃትም አልፈልግም፤ በሠርጌ ላይ አባዬ የሳጥኗን ታሪክ ይንገረኝ አለች። እሳቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው «አይሆንም» አሉ። «ያለ ፉጨት ሳጥኗ ምን ሳጥን ናት? ካርቶን ናት እንጂ።»

በሠርጉ ዋዜማ ማለዳ ሞተሬ እየጎተተች አመጣቻቸው። ሊጥ የለም፤ ጎረቤታችን ያለው የጥርስ ሐኪም ብዕር የምታህል ካሜራ አፋቸው ውስጥ አዙሮ ጨረሰ። ድዳቸው ስክሪን ላይ ወጣ።

«ይኼ የኔ ነው? ሸለቆ ነው የመሰለኝ!»

ሞተሬ ስክሪኑ ላይ ጥርሱን ደርድራ ማሽኗን አስነሳች። አባትዬው ወንበር ስበው መስኮቷ ላይ አፈጠጡ። ብርሃን እየነካው ፈሳሹ በስሱ እየተደራረበ ሲደርቅ፣ ጥርሶቹ ቁልቁል እንደተንጠለጠሉ ብቅ ሲሉ፣ ከወንበሩ ዘለሉ። «ከፈሳሽ! ከፈሳሽ አላልኩም? ሰረቁኝ!»

ታጠበ፣ ተወለወለ፣ ተገጠመ። መስታወት ስንሰጣቸው «ዜና አንባቢ አደረግሽኝ እኮ!» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን አሹለው ነፉ። ፍፍፍ። ነፋስ ብቻ። ደገሙት፤ መስታወቱ በምራቅ ታጠበ። ቀስ ብሎ መዳፋቸው ወደ አፋቸው ተመለሰ።

«ግድ የለም» አሉ። «ትንሿ ትረዳኛለች።»

ሞተሬ አፋቸውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ግንባሯን በጥፊ አለችው።

«አባዬ! ፍንጭትህን ደፍኜዋለሁ!»

የሙያችን ልማድ ነው። ክፍተት አይቶ ዝም የሚል ጥርስ ሠሪ የለም፤ እጅ ጭንቅላትን ሳያማክር ይዘጋዋል። እሷም የገዛ አባቷን ዘጋች። አሁን ስፋቱን ከየት ታምጣው? ከድሮ ፎቶ እንዳትለካው፣ አባትዬው ፎቶ ሲነሱ እንደ ዳኛ አፋቸውን ገጥመው ነው። ሙሽሪት ዘንድ ደወለች፤ እሷም ፀጉሯን እየተሠራች ስልኩ ላይ ብቅ አለች።

«እታለም፣ ረሳሽው እንዴ? የልብሱን ቁጥር የሚያያይዝባትን መርፌ ቁልፍ በፍንጭቱ ነክሶ አልነበር የሚሠራው? ልክክ ነበር የምትለው!»

አባትዬው የኮታቸውን ኮሌታ ገልብጠው መርፌ ቁልፏን አወጡ። ጡረታ ቢወጡም ሳይይዟት ከቤት አይወጡም። ሞተሬ ውፍረቷን ለካች፣ ለነፋሱ ትንሽ ጨመረችላት፣ ጥርሱን ዳግም አተመች።

ማሽኗ ጲጵ አለች። አባትዬው አዲሱን ገጥመው፣ አየር ስበው፣ ለቀቁት። የሐኪሙ ሕመምተኛ ከነመሀረቡ ሮጦ ወጣ፤ ሐኪሙም «ምን ፈነዳ?» እያለ ተከተለው። እኛ ተያይዘን እንዘላለን። አባትዬው ማሽኗን መታ መታ አደረጓትና «አሁን አለቅሽ» አሏት።

በማግሥቱ ታሪኩን ሲጀምሩ ሙሽሪት ከመንበሯ ወርዳ፣ የታጠፈ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ጉብ አለች። ሞተሬም አጠገቧ። ሙሽራው ለፎቶ ቢጠራት፣ ኬኩ ቢጠብቃት፣ እስኪያፏጩ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።