ከወተቱ ጎን የሰነበተችው ብልቃጥ

ባለፈው ሰኞ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ «እማማ፣ ጾም እኮ ዛሬ ገባ» አለችኝ። ዞር ስል የክሬም ኬኩ ፍሪጅ ተጠርጎ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብቻዬን ሳቅሁ። በጾም መግቢያ ስዘናጋ ይኼ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው መዘናጋቴ ዲግሪዬን ሊያስቀርብኝ ነበር።

ያኔ ከእሪ በከንቱ ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲው በእግሬ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ጥናቴ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሴሎች ላይ የሚያርፍበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቦታው ተቀባይ ይባላል፤ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ኢንሱሊኑ ላይ ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም ይታሰርና ሴሎቹ ላይ ይፈስሳል። ተቀባይ ያገኘው ይጣበቃል፣ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሲጨመር ኢንሱሊኑ የተጣበቀበት ሁሉ ቡናማ ይሆናል።

ኢንዛይም የታሰረበት ኢንሱሊን የነበረኝ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ነው፤ አማካሪዬ ከውጭ ለምነው ያስመጡልኝ። ከሞቀች ትበላሻለች፣ በረዶ ከሠራችም ትበላሻለች። ሌላ እስክትመጣ ዓመቴ አለቀ ማለት ነው።

አርብ ከሰዓት የቤተ ሙከራው ፍሪጅ ቆመ። እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። ብልቃጧን ይዤ ወደ እናቴ ጓደኛ፣ ወደ እትዬ በለጡ ኬክ ቤት ሮጥኩ፤ ከክሬም ኬኩ ጎን አስቀመጡልኝ። እሑድ ቅበላ ነበርና ክትፎዬን እስኪበቃኝ በላሁ። ነገ ያ ፍሪጅ እንደሚነቀል ግን ውልም አላለኝ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ፍሪጁ ባዶ ነው።

«እትዬ በለጡ፣ ብልቃጤስ?»

«ምነው ልጄ፣ ምን ያስደነግጥሻል? ትናንት ማታ ሐጂ ሸምሱ ጋ ልኬያታለሁ። እሳቸው ቤት ወተት አይጾምም!»

ሐጂ ሸምሱ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚነግዱ የቆዩ ደንበኛቸው ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለው ቤታቸው እስክደርስ በረርኩ።

«ሐጂ፣ በረዶው ውስጥ ነው የከተቷት?» አልኩ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

«በይ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉኝ። «ባለቤቴ በረዶው ጋ ልትከታት ነበር። ኢንሱሊን የሚለውን አየሁና ‹ተይ!› አልኳት። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ስኳር ነበረባት። ስንት ዓመት መድኃኒቷን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ በረዶ ከነካው አለቀለት።»

ብልቃጧ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልላ ከወተቱ ጎን ቆማለች። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

«ታማሚው ማነው?» አሉ በሐዘኔታ።

«ታማሚ የለም ሐጂ። ሴሎች ላይ ላፈስሳት ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሴሎቹን አላህ ያሽራቸው» አሉ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ሙከራውን ሠራሁ። በማይክሮስኮፑ የሴሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ብቅ ሲል እልልታዬ አማካሪዬን ከቢሯቸው አስወጣቸው። ብልቃጧ የት እንደሰነበተች ግን ለመናገር አፈርኩ። ጥናቱ ላይም «በአራት ዲግሪ ሙቀት ተቀመጠ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። የምስጋናው ገጽ ላይ ፕሮፌሰሮች ተደርድረዋል፤ ሐጂ የሉበትም።

ዛሬ የማፍረው በዚያ ነው። ሐጂ አርፈዋል፣ ቤቱም ፈርሷል። ማኪያቶው ቀርቶብኝ ሻዬን እየጠጣሁ ዓረፍተ ነገሩን ላሟላው ወሰንኩ፦ በአራት ዲግሪ ሙቀት፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሐጂ ሸምሱ ቤት፣ ከወተቱ ጎን ተቀመጠ።