በመቀስ የቆረጥኳቸው ፊቶች

ጂንካ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት አንድ ቁልፍ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ መቀስ፣ አንድ ጣሳ ሙጫና አንድ እሽግ ካርድ ነው። ማዕረጌ ቅርስ መዝጋቢ። ቅርስ የተባለው አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተደርድሯል፤ ቅል፣ ጋሻ፣ የቆዳ ቀሚስ፣ ቦርኮቶ። ቦርኮቶ የበናም የሐመርም ወንድ ከእጁ የማይለየው፣ ቀን የሚቀመጥበት፣ ሲተኛ የሚንተራሰው እንጨት ነው።

አለቃዬን "ጓድ ኃላፊ" ነበር የምንለው። "ወደፊት ሙዚየም ይሆናል" አለኝና ወደ ስብሰባው ሄደ።

ከወላይታ የመጣሁ ነኝ፤ ጂንካ ዘመድ አልነበረኝም። ጸሎት ቤታችን በደርግ ታሽጎ ስለነበር እሁድም መሄጃ አጥቼ ዕቃ ቤቱን እከፍታለሁ። ብቸኝነት አይጣል ነው! ጋሻውን "እንደምን አደርክ" ማለት ጀምሬ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕቃው ይለካል፣ ከምን እንደተሠራና የት እንደተገኘ ይጻፋል፣ ፎቶው ካርዱ ላይ ይለጠፋል። ፎቶዎቹን ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በየገበያው ያነሳቸው ናቸው፤ ባለቤቱ ዕቃውን ይዞ እንደቆመ። ካርዱ ላይ ለፎቶ የተተወው ቦታ ግን የክብሪት ቀፎ አያህልም።

"ጓድ ኃላፊ፣ ፎቶው አልገባ አለኝ" አልኩት።

"ሰውየው ምን ያደርግልናል? ዕቃው ይታይ እንጂ!"

መቀሱን አነሳሁ። እጅና ዕቃውን ካርዱ ላይ፣ ፊቱን ቅርጫት ውስጥ። እንዲያውም ጠርዙ ቀጥ ሲልልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አፈር ልብላ! ቅርጫቱ ሲሞላ ከቆሻሻ ጋር አቃጠልኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከወይጦ በኩል አንድ የበና ሽማግሌ መጡ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ቀርቷል። በዕድሜው ፎቶ የተነሳው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገበያ ላይ፣ ቦርኮቶውን ይዞ ነው።

"የልጄ ፊት እየጠፋኝ ነው" አሉኝ። "አሳዪኝ፣ ልሂድ።"

ክው አልኩ። የቦርኮቶ ካርዶቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁላቸው። አንዱ ላይ ጣታቸው ቆመ፤ የአውራ ጣቱን ጠባሳ አውቀውታል።

"ይሄ እጁ ነው።" ካርዱን ገለበጡት። "ፊቱስ?"

አለቃዬ አዞኝ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። "አባቴ፣ እኔ ቆርጬ አቃጠልኩት" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ! ፎቶው እንደገና ይታጠብ እንደሆነ ብዬ የፊልሙን ሳጥን ገለበጥኩ፤ እሱንም እርጥበት አጣብቆ ጨርሶታል። እሳቸው ካርዱን እንደያዙ ተቀምጠዋል።

"እንግዲያ እጁን ስጪኝ" አሉ።

ጓድ ኃላፊ "የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይወጣም" አለ። እኔ ግን በእርጥብ ጨርቅ ከካርዱ አላቅቄ ሰጠኋቸው። በወረቀት ጠቅልለው ጉያቸው ከተው ሄዱ። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ፈረምኩ። የምነግረው ሰው አልነበረኝምና ዕቃ ቤቱን ዘግቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ካርዶች እየያዝኩ ገበያ ወጣሁ። "ይሄ የማን እጅ ነው?" ስል የሳቀብኝ ብዙ ነው። ለጥቂቶቹ ስም አገኘሁ። የሚበዙት ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ እጅ ብቻ ሆነው ቀሩ።

በእግሬ ለተተካችሁ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ የሰውየውን ስም ጻፉ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይለካል። ፎቶው ካርዱ ላይ አልገባ ካለ ካርዱን ቀይሩ።