እናቴና የናይሮቢ እንቁላል

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ፣ በሬዲዮ አንድ ወጣት ባለሙያ ከጎረቤት አገሮች ጋር ስለሚደረግ ነፃ ንግድ ያብራራ ነበር። እንቁላልና የዶሮ ሥጋ ያለ ቀረጥ ሲገባ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሸማቹ ይጠቀማል፣ የአገራችን አርቢዎችም ራሳቸውን ማሻሻል ይኖርባቸዋል አለ። «ራሳቸውን ማሻሻል» ሲል እጄ ቆመ። ባለቤቴ ሄላሞ ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ ከወንበሩ ተነሥቶ ከሬዲዮው ጋር ይጣላ ነበር። ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ቤቱ ጭር ስለሚልብኝ ሬዲዮውን ከፍቼ እተወዋለሁ፤ አዳምጣለሁ ማለት ግን አይደለም። ያን ቀን አዳመጥኩ።

የእኛ የእንቁላል ነገር የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ሄላሞን ካገባሁ ገና ዓመት ቢሆነኝ ነው። እሱ በሆሳዕና አቅራቢያ ያለችው የፎንቆ ልጅ ነው። እርሻ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ሆሳዕና ሲመለስ፣ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የኮራበት ጫጩት የሞላበት ካርቶን ነበር። ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ናቸው። ሲያድጉ ለሰፈራችን ሴቶች አከፋፈላቸው፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ዶሮ የሴት ሀብት ነው። ከብቱም እርሻውም የባል ይሁን፣ የእንቁላሉን ነገር ግን ማንም አይጠይቃትም። ሄላሞ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ጋር ተነጋግሮ ገበያ አገኘ። ሆቴሉ የሚፈልገው ትልልቅ፣ ነጭና እኩል እኩል የሆነ እንቁላል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ የአበሻ ዶሮዎቻቸውን እንዲሸጡ መከራቸው፤ ሸጡም።

እናቴ ግን አንዲት ቀይ ዶሮ ደብቃ አስቀረች። ነጮቹ ይጥላሉ እንጂ አይታቀፉም፤ ይህ ነገር እናቴን እንቅልፍ ይነሣት ነበር።

«ማርታ፣ ጥላ ዞር የምትል ዶሮ ምን ዓይነት ዶሮ ናት?»

«አማ፣ አፈጣጠሯ ነው» እላታለሁ፤ እናታችንን አማ ነው የምንላት።

«ታዲያ ነገ ጫጩቱ ከየት ሊመጣ ነው? ባልሽ ሊታቀፍልን ነው?» ትልና እስክትደክም ትስቃለች። ሄላሞ በአጠገባችን ካለፈ ግን ሳቋ ድርግም ይላል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አማች የሚስቱን እናት ቀና ብሎ አያይም፣ ስሟንም በአፉ አይጠራም። የእነሱ መከባበር እንዲህ ነበር።

ሴቶቹ ሐሙስ ሐሙስ ግቢያችን ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱን እንቁላል በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ቅርጫት ውስጥ እንደረድራለን። ከዱራሜ በኩል ተድራ የመጣች አበበች የምትባል እኩያዬ ነበረች፤ ምላሷ አያርፍም። «ፈረንጁ ይህን ሁሉ ቅጠል ሲፈታ ቁርሱ ምሳ ይሆንበታል» ትላለች፣ ግቢው በሳቅ ይሞላል። ቅርጫቶቹን በጭነት መኪናው የሚወስድልን ጋሽ ከድር የሚባል የጉራጌ ነጋዴ ነበር። ከእንቁላሉ በሚገኘው ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ አንዳንዱም የሣር ቤት ቆርቆሮ ለበሰ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ከድር ቅርጫቶቹን እንዳሉ ይዞ ተመለሰ።

«አንቀበልም አሉ።»

«ለምን?» አለ ሄላሞ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምጭነው እንቁላል ነው፤ ምክንያት አልጭንም። ዘበኛው ነው ከበር የመለሰኝ።»

በተከታዩም ጉዞ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና ሄላሞ ሄዶ ለመጠየቅ እንኳ አልቻለም። በየቤቱ ቆጮ በቅቤ በተጠበሰ እንቁላል ይበላ ጀመር፤ ልጆቹ ሽታው እስኪያስጠላቸው ድረስ። እንደ ሠርግ ቤት እየበላን እንደ ለቅሶ ቤት ዝም እንል ነበር። ሴቶቹ ጥፋታቸውን መፈለግ ያዙ። አንዷ ቅጠሉ ይሸታል አለች። ሌላዋ እንቁላሉ ቆሽሾ ነው አለችና ሁላችንም በሙቅ ውሃ አጠብን፤ የታጠበው ደግሞ ቶሎ ተበላሸ። ጥፋቱ ከእኛ ሰፈር ውጭ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሄላሞም ቢሆን ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረው አመጋገባቸውን አሳስቼ ይሆን እያለ ነበር።

አንድ እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እናቴ ተነሥታ ቆመች። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ እንደጨበጠች በሀዲይኛ እንዲህ አለች፦

«ጌታም እናንተም ይቅር በሉኝ። ቅርጫቴ ሲጎድልብኝ የቀይ ዶሮዬን ትናንሽ እንቁላሎች ከሥር ቀላቅያለሁ። ሆቴሉ የደረሰበት የእኔን ተንኮል ነው። የእናንተን ገበያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው አበበች «ለካ እናትሽ ናት!» አለችኝ በሹክሹክታ። ሽማግሌዎቹ ጸለዩላት፣ ይቅር ተባለች። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሰላምታ አልነፈጓትም። እንሰት በደቦ ለመፋቅ ሲጠራሩ ግን የእሷን በር ዘለሉት። ሴት በሴት እጅ በምትኖርበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሴቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ብቻዋን ጓሮ ተቀምጣ ስትፍቅ የመፋቂያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ሄላሞ በጋሽ ከድር መኪና አዲስ አበባ ሄደ። በተመለሰ ዕለት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሆቴሉ ዕቃ ገዢ መጋዘን አስገብቶ አሳይቶታል። ለእያንዳንዱ እንቁላል ጎድጓዳ ቦታ ባለው ግራጫ ካርቶን የተደረደረ፣ ከናይሮቢ በአውሮፕላን የመጣ እንቁላል ነው። አገሮቹ ስለተስማሙ ቀረጥ የለበትም፣ ከእናንተም ይረክሳል ብሎታል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ትልልቅ አርቢዎች እንኳ ዶሮዎቻቸውን እያረዱ ነው ብሎታል።

«የእኛ ምን ጎደለው ብዬ ጠየቅሁት» አለኝ። «ትናንሽ እንቁላል ተገኝቶበት ነው ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ኩሽና ገብቶ ይሰበራል፤ ማን አይቶት! የእናንተ ምንም አልጎደለውም› አለኝ።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በተከታዩ እሑድ ተነሥቶ ይህንኑ ለጉባኤው ተናገረ። ኬንያን፣ አውሮፕላኑን፣ ቀረጡን፣ ሁሉንም። ሰው በትዕግሥት ሰማው። ደጅ ስንወጣ አበበች «ለልጄ እንዲህ ያለ አማች ይስጠኝ! አማቱን ለመሸፈን ስንቱን አገር አዞረን!» አለች። ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። አማቱን የሚያከብር ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ከሁሉ ያነሰ የሚታመነውም እሱ ነበር።

ለእናቴ ቤቷ ሄጄ ደጋግሜ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችና ጸጉሬን ዳሰሰችኝ። «ባልሽ ጥሩ ሰው ነው» አለች። ቀይዋን ዶሮ ለጸሎት ቤቱ ስጦታ አድርጋ ሰጠች። የሰፈሩ ብቸኛ ታቃፊ እሷ ነበረች። ነጮቹን ለበዓል የሚገዛ አልተገኘም፣ ሥጋቸው ውሃ ውሃ ይላል እየተባለ አንድ በአንድ አለቁ፤ የሚተካቸውም አልተፈለፈለም። ሄላሞ አስተማሪ ሆነ፣ ዶሮ ዳግመኛ አላረባም። እናቴም ብዙ አልቆየችም። በሞተችበት ሳምንት እንኳ ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት ሲመጡ ስለ እንቁላሉ ይቅርታ ትጠይቃቸው ነበር።

ያንን የናይሮቢ እንቁላል አልጠላውም። እዚያም ካርቶኑ ውስጥ የደረደረችው አንዲት ሴት ትኖራለች፤ በእሱ ልጇን አስተምራ ይሆናል። የሬዲዮው ወጣትም ያለው ስሕተት ነው ለማለት እውቀቱ የለኝም። የሚከነክነኝ ይህ ነው፦ ሩቅ ቦታ የተወሰነ ነገር መንደር ሲደርስ ስሙን አይናገርም። ሰው ደጁ ላይ የወደቀውን ነገር አይቶ፣ ያጠፋሁት ምንድን ነው ብሎ የገዛ ጓዳውን ይፈትሻል።

ቅዳሜ ዕለት አበበች ልታጽናናኝ መጣች። አርጅታለች፤ የልጅ ልጇ ደግፋ ነው ያስገባቻት። ስለ ሄላሞ ስናወራ ዋልን።

«እንደ እሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?» አለችኝ ዕንባዋን እየጠረገች። «ለእናትሽ ሲል እግዚአብሔር ቤት ቆሞ ዋሸ እኮ። ጌታ እንኳን ያን ውሸት አይቆጥርበትም።»

«አበበች፣ እውነቱን ነበር የተናገረው» አልኳት።

እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «እሺ ማርታዬ፣ እሺ» አለችኝ፣ ኀዘንተኛን በሚያባብሉበት ድምፅ።

ሸኝቻት ተመልሼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሄላሞ እያለ፣ እናቴ የማንንም ገበያ እንዳላበላሸች የምናውቅ ሁለት ነበርን።