ለታመመ ሰው የተቀመጠው ኮኮናት

ከቢሮ ወጥቼ፣ እግሬን እየጎተትኩ ሓወልቲ ሰፈር ያለ አንድ ፍራፍሬ ቤት ጎራ አልኩ። ሻጩ ኮኮናት አንስቶ ጆሮዬ ሥር ነቀነቀው።

«ስሚው፣ ሓፍተይ! ውሃው ለደከመ ሰውነት ነው። ነጩ ሥጋው ደግሞ ቅባት አለው፣ ያጠግባል።»

ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሲላጋ ስሰማ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር የነበረው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለስ ፀጉራም ኮኮናት ይዞ መጣ። «ውሃው ድካም ያወጣል አሉኝ» ብሎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ግን ፍራፍሬ የምትገዛው ሕመምተኛ ልትጠይቅ ስትሄድ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ለታመመ ሰው ይቀመጥ» ብላ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አወጣችው። ከዚያ በየጁምዓው፣ የሰው ልብስ በማጠብ በቆሰለ እጇ አውርዳ ትነቀንቀዋለች፤ እኔም ጆሮዬን እለጥፋለሁ።

አንድ ጁምዓ ድምፁ ጠፋ። አባቴ በመዶሻ ሲፈልጠው ውስጡ ደርቆ ሻግቷል።

«ዘንድሮ የታመመ ጠፋ እኮ» አለች እናቴ፣ ልትስቅ እየሞከረች።

አባቴ ቅርፊቱን እንደያዘ፣ «እኔኮ ላንቺ ነበር ያመጣሁት» አላት።

ያኔ አልገባኝም። እናቴ አልታመመችም ነበር።

«ለማን ነው? የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ ሻጩ ኮኮናቱን በፌስታል እየከተተ። ለራሴ ነው ማለት አቃተኝ፤ ከፍዬ ተቀበልኩት። ቤት ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።