ንቧ ጀርባ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

እናቴ ልትምል መሆኗን የሰማሁት ረቡዕ ነው፤ ከገጠር ለገበያ ከመጣች ጎረቤታችን። የምትምለው በክርስትና አባቴ ላይ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት፣ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ «ንቦቼን የፈጀብኝ እሱ ነው» ልትል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክርስትና አባቴን ማሳ ከእኛ ጓሮ የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ገብሳቸው ላይ የአረም መድኃኒት ረጩ። በዚያው ሳምንት ንቦቻችን ከቀፎ እየወጡ መሬት ላይ መዳህ ጀመሩ። መብረር የለም፤ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ይድሃሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። ከሰባት ቀፎ ሦስቱ ባዶ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ማስረጃ ሲያጡ መሃላውን ለእናቴ ሰጧት።

እኛ ጋ ከመሃላ በኋላ መመለስ የለም። የሁለቱ ቤት ሰው እሳት አይጫጫርም፣ ለቅሶ አይደራረስም። መሃላው ሐሰት ከሆነ ደግሞ መዓቱ በማለው ሰው ላይ ይወርዳል። እናቴ ይህን ታምናለች። እኔም አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ተሸክሜ ተምሬም አምናለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ያስጨነቀኝ ግን ያየሁት ነገር ነው። ለበዓል ቤት በሄድኩ ጊዜ አንዷን የምትድህ ንብ አንስቼ ነበር። ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ አለች፤ የምስር ክክ ፍርፋሪ የምታህል። ነጥቧን በስንጥር ስነካት ተንቀሳቀሰች። ለእናቴ ባሳያት «ምንም የለም» አለች፤ ዓይኗ ቅርብ ነገር አያይም። ሁለት ሦስት ንብ በክብሪት ቀፎ ይዤ ሰቆጣ የግብርና ባለሙያ ጋ ሄድኩ። በስልኩ አነሳቸው። ፎቶው ላይ የሚታየው የጭቃ ጠብታ ነው።

«ጥገኛ ተባይ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ግን በዚህ ፎቶ ምን ብዬ ልናገር?» ናሙናው ተልኮ መልስ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። አሁን ደግሞ ለእሁድ የቀሩት ሦስት ቀን ብቻ ናቸው።

የምሠራው እዚያው ሰቆጣ ፎቶ ቤት ነው። የራሴ ስልክ ኖርማል ነው፣ ካሜራ የሚባል ነገር የለውም። ፎቶ ቤቱ ግን ለተማሪ መታወቂያ ይዘናት የምንወጣ አንዲት ትንሽ የኪስ ካሜራ አለችው። ጥሩ ናት፤ ነገር ግን ከስንዝር በታች ስትቀርብ ሁሉንም ታደበዝዛለች። ስለዚህ ፊቷ ላይ የሚቀመጥ ሌላ መስታወት ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ደንበኛ ረስቶት የሄደ የማንበቢያ መነጽር ሞከርኩ። ትንሽ አቀረበ እንጂ አልረባም። ከዚያ የተበላሸ ዕቃ ከምንጥልበት ካርቶን ውስጥ አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ አገኘሁና ፈታሁት። የፊት መስታወቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ መሃሉ ወፍራም ነው። ነጠላዬ ላይ ሳስጠጋው ክሩ ገመድ አከለ።

የክኒን ብልቃጥ ቆርጬ ቱቦ አደረግሁና ብርሃን እንዳይረጭ ውስጡን በጥላሸት አጠቆርኩት። መስታወቱን ጫፉ ላይ አስገባሁ። ሞኝነቴ ቱቦውን ካሜራዋ ስትከፈት ወደፊት በሚወጣው አፍንጫዋ ላይ ማጣበቄ ነው። ትንሽ ሳልነካት ስቆይ ልትዘጋ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ቱቦው አላስገባ አላት። ክርርር!

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከመጋረጃው ወዲያ።

«አይጥ ነው፣ እትዬ።»

«አይጥ እንደ ወፍጮ ይጮሃል እንዴ? ካሜራዬን አበላሽተሽ እንዳላገኝሽ፤ አንቺን ነው ግድግዳው ላይ የምሰቅልሽ፣ ያለ ፍሬም!»

ባትሪውን አውጥቼ ስመልሰው ተከፈተች። በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ ጸልዬ አላውቅም። ሁለተኛውን ቱቦ ከሰፊ ብልቃጥ ሠራሁት። አፍንጫዋ ውስጡ እንደልቧ እንድትገባና እንድትወጣ ከካሜራዋ አካል ጋር አጣበቅሁት። በምን? ፕላስተር ሙጫው አይለቅም ብላ እትዬ ከልክላለች። እኛ ቤት የሚያፈስ፣ የተሰነጠቀ፣ የተነቀለ ነገር ሁሉ በሰም ነው የሚያዘው። ከቤት የመጣ፣ ማሩ ያልጠራ ሰም ነበረኝ። በእጄ አልፍቼ ዙሪያውን ለጠፍኩት። ጥብቅ አለ። ኮራሁ።

አርብ ማታ ለእትዬ እውነቱን ነገርኳት፤ መደበቁ አልሆነልኝም።

«ለንብ ፎቶ? መታወቂያ ሊያወጡ ነው?» አለች። ቱቦውን አገላብጣ አየችው፣ በእሱ የራሷን ጣት አየች። «ሰኞ ጠዋት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትገኝ፤ አለዚያ አንቺም አትምጪ።»

ቅዳሜ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ካሜራዋን በሻርፕ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤ፣ በየኮረብታው እየፈታሁ ሰሙን እየነካሁ። ፀሐዩ በረታ። ሰሙም ለሰለሰ።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። «ለመሃላው መጣሽ?»

«እንዳትምዪ ነው የመጣሁት።»

«ክርስትና አባትሽ ስለሆነ!»

«ስለማናውቅ ነው፣ እማ።»

ከዚያ በኋላ የመለሰችልኝ በኽምጣኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው። ከእኔ ጋር ወሬ ማቆም ስትፈልግ እንዲያ ታደርጋለች።

ቀፎዎቹ ፊት ተንበረከክሁ። አንዲት የምትድህ ንብ ነጥቧን ተሸክማ ቅጠል ላይ ወጥታለች። ካሜራዋን አስጠጋሁ። ደበዘዘ። ራቅ አልኩ፣ ደበዘዘ። ምስሉ የሚጠራበት ርቀት የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም፤ ስተነፍስ አልፈዋለሁ። ልክ ሲጠራ አንዲት ጤነኛ ንብ መጥታ ቱቦው ላይ አረፈች። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ እጄ በንብ ተሸፈነ። ማሩ ሸቷቸዋል፤ ለካ ቀፎ ፊት ማር ይዤ ተቀምጫለሁ! አንዷ የዓይኔ ቆብ ላይ ነደፈችኝ። ቱቦው በቀለጠው ሰም ላይ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ካሜራዋን ልጥላት ነበር።

«አትሩጪ!» እናቴ ጮኸች። «ቁሚ! አትተንፍሺባቸው!»

የሚጨስ ኩበት ይዛ መጥታ እስኪለቁኝ አጨሰችብኝ። «ምን ዓይነት ደደብ ነሽ? የንብ ቤት ልጅ ማር ቀብታ ቀፎ ፊት ትቀመጣለች? ቤታቸውን ልትዘርፊ የመጣሽ ሌባ መሰልሻቸው!» ትሰድበኛለች፤ በሌላው እጇ መርፌውን በዳበሳ ከዓይኔ ቆብ ትነቅላለች።

እቤት ገብቼ ሰሙን በጨርቅ ጠረግሁ። ቱቦውን በፀጉሬ ላስቲክ ወደ ካሜራዋ አሰርኩት። የምትድኸዋን ንብ በራፉ ብርሃን ላይ፣ ሰሃን ላይ አስቀመጥናት። አንድ ዓይኔ አብጦ ተዘግቷል። በሌላው አነሳሁ፣ አነሳሁ። ሁሉም ድብዝዝ። ባትሪው እየቀነሰ ነው። ንቧም ልትሞት ነው። ከስንት በኋላ አንዱ ጠራ።

ቡናማ ቀይ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ መዥገር። እግሮቹ ይታያሉ። ንቧ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። እናቴ ከሩቅ ነው የምታየው፤ ፎቶውን አጉልቼ ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩላት።

ረጅም ጊዜ አየች። «የንብ ቅማል ነው» አለች በመጨረሻ፣ በአማርኛ። «አያትሽም ያውቁት ነበር። ቅማል ንብ አይጨርስም።»

«ይሄ ያ ቅማል ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እኔም አላውቅም። ታዲያ የማናውቀውን ልትምዪ ነው?»

ሰሃኑን አንስታ ወጣች። እሁድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ልቧን አላውቀውም ነበር። ቅዳሴው ላይ አንድ ቃል እንኳ አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹ ሲጠሯት ተነሳች። ክርስትና አባቴ ፊት ለፊት ራሳቸውን አቀርቅረው ቆመዋል። እናቴ በሩን ተሳለመች።

«አልምልም» አለች። «ንቦቼ ላይ የተለጠፈ አውሬ አይቻለሁ። የገደላቸው አውሬው ይሁን የገብሱ መድኃኒት እስኪለይ አልምልም።» አንዱ ሽማግሌ እፎይ ሲሉ ተሰማኝ።

ሰው ሲበተን ክርስትና አባቴ ወደ እኔ መጡ። «እስቲ አሳይኝ፣ ልጄ።» ካሜራዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው ላይ ሊያስነኳት እስኪደርሱ አስጠግተው አዩ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዙሪያቸውን ቃኙ።

«የረጨሁት በጠዋት ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ንብ በወጣበት ሰዓት። ነፋሱም ወደ እናንተ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።» ቀና አሉና አዩኝ። «ታዲያ እኔ አይደለሁም?»

እኔን ነው የጠየቁት። እናቴ አሥር እርምጃ ርቃ ትጠብቀኛለች።

«አላውቅም፣ አባባ» አልኩ። «ፎቶው ነገ ለባለሙያው ይሰጣል። የረጩበትን ሰዓት ግን ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ አልነግርልዎትም።»

ካሜራዋን መለሱልኝ። ከዚያ ወደ እናቴ መራመድ ጀመሩ።